በኅትመት ላይ ፓስቴል፦ የሸናንዶዋ ኮረብታ በዴጋ ዘዴ

የምሠራው መልክዓ ምድር ነው። ኮረብታ፣ ሰማይና ትንሽ መንገድ። ዘዴው የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኤድጋር ዴጋ ነው፣ ሞኖታይፕ ይባላል። ለስላሳ ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም ትቀባለህ፣ እርጥብ ወረቀት ትደርብበትና በፕሬስ (በሮለር በሚጫን ማተሚያ) ታሳልፈዋለህ። ኅትመቱ ሲደርቅ በላዩ ላይ በፓስቴል (እንደ ጠመኔ ባለ ደረቅ የቀለም ዘንግ) ትሄድበታለህ። ሰሌዳው ላይ የተቀረጸ ነገር ስለሌለ ጥሩ ኅትመት የሚወጣው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በተረፈው ቀለም አንድ የፈዘዘ ቅጂ ማውጣት ይቻላል። ያንን እዚህ ማስታወሻ ላይ "ጥላ" እያልኩ ነው የምጠራው።

ዴጋ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት የባሌት ዳንሰኞቹ ናቸው። ደጅ ቆመው ዛፍና ወንዝ በሚስሉ ሠዓሊዎች ላይ እድሜውን ሙሉ ሲያሾፍ የኖረ ሰው ነው። እሱ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1890 መጸው ላይ፣ ከቀራጺው አልበርት ባርቶሎሜ ጋር፣ አንድ ነጭ ፈረስ በሚጎትታት ቀላል ሠረገላ ከፓሪስ ቡርጎኝ ድረስ ሄደ። ዲዬኔ በምትባል መንደር ሠዓሊው ዦርዥ ዣኒዮ ቤት አረፉ። ዣኒዮ ቤት ፕሬስ አለ። ዴጋ ሰሌዳ አምጡልኝ አለና በጨርቅና በጣቱ እየሠራ በመንገድ ያየውን ከጭንቅላቱ አወጣው። ዣኒዮ ኋላ እንደጻፈው፣ ባርቶሎሜ ሥዕሎቹን እያየ ያለፉባቸውን ቦታዎች ይለይ ነበር። ዴጋ በዚህ መንገድ ሃምሳ ገደማ መልክዓ ምድር ሠራ። ከፊሎቹን በ1892 ፓሪስ ውስጥ ዱራን-ሩዌል ጋለሪ አሳያቸው።

ቆሞ አልሣለም፣ አልፎ ነው ያየው። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ዕቃ

ሰሌዳ፦ ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሳይ ፕላስቲክ)፣ 9 በ12 ኢንች አስቆርጬ። 12 ዶላር። ዴጋ የጠየቀው መዳብ ወይም ዚንክ ነበር። ፕሌክሲግላስ ግን ርካሽ ነው፣ ደግሞም ያሳያል፤ ንድፉን ከሥሩ አስቀምጠህ በላዩ መቀባት ትችላለህ። ጠርዙ በሞረድ ሰያፍ መሆን አለበት። ስለታም ከሆነ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። የፕሬሱን ፌልት (ከሮለሩ ሥር የሚነጠፈውን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) ከቆረጠ ደግሞ ስቱዲዮው ሁለተኛ አያስገባህም።

ወረቀት፦ ሪቭስ ቢኤፍኬ፣ 22 በ30 ኢንች፣ ሦስት ትልልቅ። አንዱ 7 ዶላር ነው፣ ለአራት ይቆረጣል። ወፍራምና ለስለስ ያለ የጥጥ ወረቀት ነው። ውኃ ይችላል፣ ፓስቴልም ይይዛል።

ቀለም፦ ቤት የነበሩ የዘይት ቱቦዎች። አልትራማሪን (ሰማያዊ)፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡኒ)፣ በርንት ሲየና (ቀይ ቡኒ)፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ቪሪዲያን (አረንጓዴ)፣ ነጭ።

ፓስቴል፦ የሴነሊየር ግማሽ ዘንጎች ያሉበት ሣጥን፣ 45 ዶላር። በጣም ለስላሳ ናቸው፤ ትንሽ ጫን ካልካቸው ይደቅቃሉ። ለመጀመሪያው ንብርብር ጠንከር ያሉ አሮጌ ፓስቴሎች አሉኝ።

ፕሬስ የለኝም። የጋራ ስቱዲዮ አለ፣ በሰዓት 15 ዶላር። ግን መጀመሪያ ያለ ፕሬስ ይሆን እንደሆነ ልሞክር ብያለሁ።

ቦታው

ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቨርጂኒያ። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ የብሉ ሪጅ ተራሮችን ጫፍ ጫፉን ይዞ 105 ማይል ይሄዳል። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም፣ ለኔ ጉዳይ ደህና ፍጥነት ነው። ጥቅምት ስለሆነ ቅጠሉ ሁሉ ተቀይሯል። የመኪና መግቢያው 30 ዶላር፣ እሱንም ወጪ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ወንድሜ ነዳ፣ እኔ በመስኮት አየሁ። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ፎቶ የለም። ወንድሜ "እንዴ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተህ አንድ ፎቶ እንኳን አታነሳም?" እያለ ሲነተርከኝ ዋለ።

ቤት ስገባ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው። አንዱ ከሌላው ኋላ የተደረደሩ ሰማያዊ ኮረብታዎች። ከፊት ለፊት ዝገት የመሰለ ቀይ ቁልቁለት። ወደ ግራ የታጠፈ ነጣ ያለ መንገድ። ቅጠልና ግንድ የሚባል ነገር አላስታውስም። ለዚህ ሥራ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ሰሌዳ ላይ በጨርቅና በጣት ቅጠል ልሥራ ብትል አይሆንልህም።

በእርሳስ ትንሽ ንድፍ አወጣሁ፣ ዳር ዳሩ ላይ የቀለም ስም ጻፍኩ። ኅትመት ግራና ቀኝን ይገለብጣል። ስለዚህ ንድፉን በፊቱ ደፍቼ ከፕሌክሲግላሱ ሥር አጣበቅኩት። መስኮት ላይ ሲያዙት በጀርባ በኩል በደንብ ይታያል፣ መስመሩን ከጀርባ በማርከር ማድመቅ ነው።

ሰሌዳው ላይ

ከቱቦ በቀጥታ የወጣ ቀለም ዘይቱ ይበዛል። ወረቀት ላይ ሲታተም በዙሪያው ቢጫ የዘይት ክበብ ይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀለሙን ከማታ ጀምሮ ካርቶን ላይ ጨምቆ ማሳደር። ካርቶኑ ትርፉን ዘይት ይመጠዋል። ጠዋት ላይ ቀለሙ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ጠጠር ብሎ ይገኛል።

ሰማዩን በኦከርና በነጭ ስስ አድርጌ በሮለር ዘረጋሁት። ኮረብታዎቹ አልትራማሪን ከአምበር ጋር፣ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ነጭ እየጨመርኩ። ቁልቁለቱ ሲየና፣ አልፎ አልፎ ቪሪዲያን። ከዚያ መጥረግ መጣ። ጭጋጉን የሠራሁት በጨርቅ ነው፤ በኮረብታና በኮረብታ መሃል ያለውን ቀለም ማንሳት ብቻ። መንገዱን በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ከፈትኩት። ቁጥቋጦው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። የዴጋ ሞኖታይፖች ላይም የጣት አሻራው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ስለዚህ ማንም ምንም አይለኝም።

ውፍረቱን ለማወቅ ሰሌዳውን ወደ መብራት ማንሳት ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ቦታ ካለ ቀለሙ በዝቷል ማለት ነው፣ ሲጫን ይፈሳል።

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር። የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም የጠረግክበትን ጨርቅ ጨምድደህ ጥግ አትጣል። ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ተቀጣጥሎ ቤት ያቃጠለበት ጊዜ አለ። እኔ ውኃ ያለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምከተው። ሰሌዳውን ለማጽዳት ቲነር አያስፈልግም። መጀመሪያ የምግብ ዘይት፣ ቀጥሎ የዕቃ ሳሙና።

በማንኪያ

ፕሬስ ሳይኖር ወረቀቱን ከጀርባ በእንጨት ማንኪያ እያሹ ማተም ይቻላል ይባላል። ይቻላል፣ ግን በዚህ ወረቀት አይደለም። ሪቭስ ወፍራም ነው። ክንዴ እስኪዝል አሸሁት፤ ጠርዝ ጠርዙ ወጣ፣ መሃሉ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ስስ የጃፓን ወረቀት ላይ ስሞክር ደግሞ ኅትመቱ ማለፊያ ነው፣ ግን ፓስቴል ገና ሲነካው ተሸበሸበ። ሁለተኛ ቦታ ላይ ቀደድኩት። የማንኪያው ነገር በዚሁ አበቃ።

ፕሬስ

ወረቀቱን ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ከዚያ በሁለት ንጹሕ ፎጣ መሃል ጫን ጫን አደረግኩት። ላዩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ገና ነው። ንክኪው ቀዝቀዝ ብሎ፣ ዓይን ላይ ግን ደረቅ ሲመስል ደርሷል።

የመጀመሪያው ዙር ተበላሸ። ፕሬሱ ከኔ በፊት የመዳብ ቅርጽ ሲያትም ለነበረ ሰው ተጠብቆ ነበር። የመዳብ ቅርጽ ከቦይ ውስጥ ቀለም መሳብ ስላለበት ኃይለኛ ግፊት ይፈልጋል። የሞኖታይፕ ቀለም ግን ላይ ላዩን ነው ያለው። ሮለሩ ሲያልፍበት ሲየናው ተጨምቆ መንገዱን ዋጠው፣ የመጨረሻው ኮረብታ ሰማይ ውስጥ ገባ። ሰሌዳውን አጽድቼ እንደገና ቀባሁ። ግፊቱን ቀነስኩ፣ ከሦስቱ ፌልቶች አንዱን አነሳሁ።

የቀጣዩ ዙር ኅትመት ጥሩ ሆነ። ሰማዩ ስስ፣ ኮረብታዎቹ ተለያይተው የቆሙ፣ ቁልቁለቱ ደማቅ። ወዲያው ሌላ እርጥብ ወረቀት ደርቤ ጥላውን አወጣሁ። ለዚህኛው ግፊቱን መልሼ ጠበቅ ነው ያደረግኩት፣ ምክንያቱም የቀረው ቀለም ትንሽ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። ቀለሙ ወፈር ባለበት ቦታ፣ ወረቀቱ ከሰሌዳው ሲላቀቅ ቀለሙን ይስበዋል፣ አየር በመሃል ይገባል። ከዚያ እየተከፋፈለ የሚሄድ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ መስመር ይቀራል። ከጥፍር የማይበልጥ ነው፣ ግን ቅጠሉ ረግፎ የቆመ ዛፍ ነው የሚመስለው። በብሩሽ ልሥራው ብል አልችልም። እዚያ ቦታ ላይ ፓስቴል እንዳይነካ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ምልክት አደረግኩ።

ማድረቅ

ሁለቱንም ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። ዣኒዮም የዴጋን ኅትመቶች ገመድ ላይ ሰቅለው እንዳደረቁ ጽፏል። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውኃው ተኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው፣ ስለዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁሉም እኩል አይደርቅም። አምበር ማንጋኒዝ ስላለው ቶሎ ይደርቃል። ነጭ የበዛበት ሰማይ ግን ገና እያጣበቀኝ ነው። በነጭ ጥጥ ነካ አድርጌ ነው የማረጋግጠው። ጥጡ ላይ ቀለም ከወጣ፣ አልደረሰም።

በዚህ መሃል የዋሺንግተኑ ሙዚየም ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ድረ ገጽ ላይ "ዘ ባሌት ማስተር" የሚባለውን ኅትመት ስመለከት ነበር። ዴጋ በ1870ዎቹ አጋማሽ ከሠዓሊው ሉዶቪክ ሌፒክ ጋር የሠራውና ሁለቱም የፈረሙበት ነው። ዴጋ ሞኖታይፕ የጀመረበት ሰሌዳ እንደሆነ ይታሰባል። ያኔ ጥቁር የኅትመት ቀለም ነው፤ በሰሌዳ ላይ ባለቀለም ዘይት የመጣው በመልክዓ ምድሮቹ ጊዜ ነው። ጥላውን ለፓስቴል መሠረት ማድረግን ግን ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ያደርገው ነበር።

ፓስቴል፣ ደማቁ ኅትመት ላይ

ፓስቴል ማለት ቀለም፣ ጠመኔና በጣም ትንሽ ሙጫ ነው። ወረቀት ላይ የሚቆየው በወረቀቱ ሸካራነት ነው። ዘይት ቀለም ያንን ሸካራነት ሞልቶታል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ላይ ፓስቴሉ ተንሸራተተ። ጫን ስለው ቀለሙን ቧጨረው።

ፓሚስ (የደቀቀ ሻካራ ድንጋይ) ያለበት ብርሃን አስተላላፊ ግራውንድ፣ ማለትም ፓስቴል እንዲይዝ ከሥር የሚቀባ ነገር ገዛሁ፣ 16 ዶላር። በአንድ የተበላሸ ኅትመት ላይ ሞከርኩት። ፓስቴሉ ያዘ፣ ያዘ ብቻ ሳይሆን ነከሰ። ግን የኅትመቱን ስስነት አጠፋው። ላዩ ወተትማ ሆነና ሰማዩ ግድግዳ መሰለ።

ግራውንዱን ትቼ፣ ፓስቴል በሚይዝባቸው ቦታዎች ብቻ ቀጠልኩ። ሰማይ፣ ሩቅ ኮረብታ፣ መንገድ። ደስ እያለኝ ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀና ብዬ ሳየው ኅትመቱ የለም። ጥሩ የፓስቴል ሥዕል ነው፣ ባዶ ወረቀት ላይ የተሠራ የሚመስል። እንዲህ ከሆነ ፕሬስ ድረስ ምን አለፋኝ? ይህኛው የቀለም መሞከሪያ ሆነ።

የዚህ ሥራ ዋና ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የገባኝ። ኅትመቱ ረቂቅ አይደለም፣ ግማሹ ሥዕል ነው። ፓስቴሉ የሚገባው ኅትመቱ ሊለው ያልቻለውን ለመጨመር ብቻ ነው። ደማቅ ኅትመት ደግሞ ብዙውን ነገር ብሎ ጨርሷል።

ፓስቴል፣ ጥላው ላይ

ጥላው ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ቀለሙ ስስ ስለሆነ የወረቀቱ ሸካራነት እንዳለ ነው። ፓስቴል ገና ሲነካው ይይዛል። ደግሞም ሥዕሉ ስለፈዘዘ ቦታ አለው።

በጠንካራዎቹ ጀመርኩ። ቁልቁለቱ የዝገት ቀለም ነው፣ በላዩ አመድማ ሐምራዊ አለፈ አለፈ አድርጌ አሰመርኩ። መሙላት የለም። በመስመሮቹ መሃል ሥሩ ያለው ዝገት መታየት አለበት፣ ዓይን ራሱ ያዋህደዋል። ሰማያዊዎቹ ኮረብታዎች ላይ ገረጣ ያለ ቢጫ፣ ፀሐይ በምትነካው ጎን ብቻ። የለስላሳውን ግማሽ ዘንግ ወረቀቱን ልጬ በጎኑ አስተኛሁትና ክብደቱን ብቻ ለቅቄ ጎተትኩት። የወረቀቱን ጉብታ ጉብታ ብቻ ነክቶ አለፈ። ጭጋጉ ላይ ምንም አልጨመርኩም። መንገዱ አንድ ግራጫ ሮዝ ጭረት ነው፣ አንዴ ተሰምሯል፣ አልተደገመም።

ችግሩ ሰማዩ ነው። ኅትመቱ ኦከር ነው። በላዩ ቀላል ሰማያዊ ስጨምር አረንጓዴ ሆነ። የታመመ አረንጓዴ። በጠጉረ ደረቅ ብሩሽ አራገፍኩት፣ የቀረውን በሚለጠጥ ላጲስ ነካ ነካ እያደረግኩ አነሳሁ (ማሸት አይደለም፣ ካሸኸው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል)። ከዚያ መጀመሪያ ስስ ሮዝ፣ በላዩ ሰማያዊ። ሮዙ አረንጓዴውን ገደለው። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ በግራ ጥግ በኩል አሁንም ለሚያውቅ ሰው ይታያል።

አቧራውን በአፍ አትንፋ። ወረቀቱን አቁመህ ከጀርባ መታ መታ ማድረግ ነው። አንዳንዱ ፓስቴል ካድሚየም አለበት፣ ሳንባህ ውስጥ ምን ይሠራል?

እናቴ ቡና ልትጠራኝ መጥታ ከጀርባዬ ቆመች።

"ይሄ ጭጋጉ ነው ወይስ ሳይታተም ቀርቶ ነው?"

"ሁለቱም ነው፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ተወው፣ አትንካው። ይሄኛውን ግን ምነው አጨማለቅከው?" ጣቷን የቀሰረችው ሦስተኛው ኮረብታ ላይ ነበር። ቢጫውን ሁለቴ የሄድኩበት ቦታ ነው። ልክ ናት። በብሩሽ ግማሹን አራገፍኩት፣ ከሥሩ ሰማያዊው ተመለሰ። አሁን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወረቀት ኅትመት ብቻ ነው።

ፊክሳቲቭ

ፓስቴሉ እንዳይረግፍ የሚረጭ ማጽኛ ነው። 18 ዶላር ስፕሬይ። ለዴጋ ፊክሳቲቩን የሚያዘጋጅለት ሉዊጂ ቺያሊቫ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ወዳጁ ነበር፤ በንብርብር በንብርብር እየረጨ ነበር የሚሠራው። የሱቁ ግን ቀለም ያጠቁራል። በመሞከሪያው ወረቀት ላይ ግማሹን ሸፍኜ ግማሹን ረጨሁ። ነጩና ገረጣው ቢጫ ሰመጡ፣ ሐምራዊው ግን ብዙም አልተቀየረ።

ስለዚህ ጥላውን የረጨሁት ከቢጫው በፊት ነው። ከሩቅ፣ አንዴ፣ በረንዳ ላይ። የብርሃን ቦታዎቹን ከዚያ በኋላ ጨመርኩና ሳልረጭ ተውኳቸው። ቤት ውስጥ አይረጭም፣ ሽታው መጋረጃ ላይ ይከርማል።

ፍሬም

ያልተረጨ ፓስቴል መስታወት መንካት የለበትም። በመስታወቱና በወረቀቱ መሃል የሩብ ኢንች ክፍተት የሚሰጥ ስፔሰር ገባ። ፍሬሙ አሮጌ ነው፣ ቤት የነበረ። መስታወቱ እውነተኛ መስታወት ነው። ፕሌክሲግላስ ለሰሌዳ ጥሩ ነው፣ ለፓስቴል ፍሬም ግን አይሆንም። ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና የፓስቴሉን አቧራ ወደ ራሱ ይስባል።

ፕሬሱን አራት ሰዓት ነው የከፈልኩት። ሁሉም ሲደመር፣ ፓርኩን ጨምሮ፣ 200 ዶላር ገደማ። ሰሌዳው፣ ፓስቴሉና ግማሹ ወረቀት ለሚቀጥለው ይተርፋሉ።

ቀጣዩ ሰሌዳ

ያው ኮረብታ፣ ያው መንገድ። ደማቁን ኅትመት አውጥቼ ሳልነካው አስቀምጠዋለሁ፣ ፓስቴል ለጥላው ብቻ። ቁልቁለቱ ላይ ቀለሙን በሁለት ሦስት ቦታ ሆን ብዬ አወፍራለሁ፣ ቅርንጫፎቹ እንደገና ይወጡ እንደሆነ ለማየት። ሰማዩ ላይ ኦከር የለም። በገረጣ ሮዝ ነው የማትመው፣ ሰማያዊው ከላይ በፓስቴል ይመጣል።